የበሬ ስም፦ ከትየርኪዲ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ስለ ጋምቤላ የሚጻፍ የአማርኛ የጉዞ ማስታወሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላል። ከመቱ ይነሣል፤ ጎሬን ያልፋል፤ ከቡሬ በኋላ ቁልቁለቱን ይወርድና ደጋው ከኋላ ሲቀር ጃኬት ስለማውለቅ ያወራል። ቀጥሎ ባሮ ይመጣል፤ ድልድዩ፣ የማንጎው ጥላ፣ የዓሣው ጥብስ፣ የፀሐይዋ መጥለቅ። የእኔም የመጀመሪያ ደብተሮች በዚሁ የተሞሉ ናቸው። ባሮ ቢጻፍለት ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትምና አልጸጸትበትም። ሥራ ይዞኝ ኢታንግ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ደብተሬ ወደ ሌላ ነገር ዞሯል፤ የሰዎቹ ዝምድና እንዴት እንደሚቆጠር፣ ማን በማን ፊት እንደማይበላ፣ ለሙሽራ የተሰጠ ከብት ለማን ለማን እንደሚከፋፈል፣ አንድ ሽማግሌ ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ሞተ በሬ ለምን ዛሬም እንደሚዘፍኑ። አላፊ አግዳሚ ስለ መልክዓ ምድሩ ብቻ ቢጽፍ ማንም አይወቅሰውም። ጎረቤት ሆኖ የሚኖር ሰው ግን የጎረቤቱን ወግ ሳያውቅ ዓመት ሲሞላው ያሳዝናል።

ትየርኪዲ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። የተከፈተው በየካቲት 2006 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጁባ ላይ የፈነዳው የደቡብ ሱዳን ጦርነት ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ከላይኛው ናይልና ከጆንግሌይ የተነሡ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ እናቶችና ልጆች፣ በፓጋክ በኩል እየተሻገሩ መጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኩሌ ከአጠገቡ ተከፈተ። ሌይችዎር የተባለውን ጣቢያ የዚያ ዓመት ክረምት ውኃ ሲያጥለቀልቀው ሰዎቹ በማግሥቱ ዓመት ወደ ጄዊ ተዛወሩ፤ በ2009 መግቢያ ላይ ደግሞ ንጉኝየል ተጨመረ። ዛሬ በክልሉ የተጠለሉት ደቡብ ሱዳናውያን ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የመላውን ጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ አድርጎ መመዝገቡን ያስታወሰ ሰው፣ የቁጥሩ ክብደት ይገባዋል።

ኢታንግ ስደተኛ ስትቀበል ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በደርግ ዘመን፣ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄ በ1983 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ፣ እዚሁ ኢታንግ የነበረው ጣቢያ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሰዉ ሁሉ ነቅሎ ወደ ጦርነቱ አገር ተመለሰ። ከዛሬዎቹ የትየርኪዲ እናቶች መካከል ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የወጡ አሉ። ለእነሱ ይህ መሬት የሕፃንነታቸው ሰፈር ነው።

ሕጉ እነሱን የውጭ ዜጋ፣ እኔን ባለአገር ይለናል። በትየርኪዲ ቱኩሎች መካከል ስሄድ ግን እንግዳዋ እኔ ነኝ። ይህን ነገር ለመረዳት ካርታውን ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ምሥራቃዊ ጂካኝ የሚባሉት ኑዌሮች፣ ማለትም ጋጃክ፣ ጋጆክና ጋጓንግ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ምሥራቅ ገፍተው ከባሮና ከሶባት ዳር ሰፈሩ። ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበሩን ውል የተፈራረሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1894 ዓ.ም. ነው። በዚያው ውል እንግሊዝ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ተፈቀደላትና ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት ክረምት እስከ ጋምቤላ እየዘለቁ ጨርቅና ጨው አራግፈው የጎሬን ቡና ይጭኑ ጀመር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። የመርከቡን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ውሉ የጋጃክን ዘመዳሞች ለሁለት መንግሥት ማካፈሉን ግን ብዙም አናነሣውም። ላሬ ወረዳ ላይ መታወቂያ ያላት ኢትዮጵያዊትና ትየርኪዲ ውስጥ የራሽን ካርድ የያዘች ስደተኛ የአንድ ቤት ምራቶች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። የሁለቱን ዝምድና ለማወቅ የማንኛቸውም ካርድ አይረዳም። ማን ለማን ከብት እንደ ሰጠ መጠየቅ ነው።

በብሎኩ ሰው ሁሉ ማንዶንግ፣ እንደ እኛ አያቴ፣ እያለ የሚጠራቸው አንዲት አሮጊት አሉ። አንድ ረፋድ ደጃቸው ተቀምጠው ኮፕ ሲሠሩ ደረስኩ። ዱቄቱ በሰፊ ሳሕን ተዘርግቷል። ጣቶቻቸውን ውኃ ነክረው ይረጩበትና ሳሕኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሽከረክሩታል፤ ደግሞ ይረጫሉ፣ ደግሞ ያሽከረክራሉ። ዱቄቱ እየተድበለበለ መጀመሪያ ጤፍ አከለ፤ ቆይቶ ዳጉሳ፤ ቆይቶ ማሽላ። አንዱ ፍሬ ከሌላው አይበልጥም፣ አይጣበቅም። ወፍራም የሆነውን በጣታቸው ጫፍ ነጥለው ይሰብሩታል። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል፤ የሚበላውም በወተት ነው። ጣቢያው ውስጥ የላም ወተት እንደ ልብ ስለማይገኝ ከገበያ የተገዛ የዱቄት ወተት በጥብጠው አፈሰሱበትና ቀና ብለው፣ ‹‹ይህ ወተት አይደለም፤ ነጭ ውኃ ነው፤ ብቻ ብዪ›› አሉኝ በአስተርጓሚዬ በኩል።

አስተርጓሚዬ በጣቢያው ትምህርት ቤት የተማረ፣ አማርኛውን ከጋምቤላ ገበያ የለቀመ ወጣት ነው። ሳሕኑ ሲቀርብና የቤቱ ልጃገረዶች እጃቸውን ሲታጠቡ ብድግ አለ። ‹‹እህቴ፣ አንቺ ብዪ፤ እኔ እዚያ ጋ ነኝ›› ብሎ ከቱኩሉ ጀርባ ዞረ። ተቆጥቶ ወይም አፍሮ አልነበረም። በኑዌር ወግ ጎልማሳ ወንድ ዘመዱ ባልሆነች፣ ሊያገባት በሚችላት ሴት ፊት አይበላም፤ እሷም በእሱ ፊት አትበላም። ይህ አክብሮት ቴክ ይባላል፤ ምግብ ላይ ብቻም አያቆምም፣ አማት ፊት፣ የሚስት ዘመድ ፊት እንዴት እንደሚቆም ሁሉ ይገዛል። እኛ ደገኞች ደግሞ ፍቅራችንን የምንገልጠው በአንድ መሶብ ዙሪያ፣ በጉርሻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ወንድና ሴት ወጣቶችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ምሳ ያቀርባል፤ ግማሾቹ ሳይነኩት ሲቀሩ ‹‹ምግባችንን ናቁት›› ይላል። እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ክፍል ወይም ሁለት የጥላ ዛፍ ቢዘጋጅ ያልቅ የነበረ ጉዳይ ነው።

ስለ ኑዌር የተጻፈው ጥቂት አይደለም። እንዲያውም በአፍሪካ ሕዝቦች ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች እጅግ ከተነበቡት አንዱ የኢቫንስ-ፕሪቻርድ ‹ኑዌር› ነው፤ የታተመው በ1940 እ.ኤ.አ.። ሰውዬው ወደ ኑዌር አገር መጀመሪያ የገባው በ1930 ነው፤ የላከው በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ያው አስተዳደር ኑዌሮችን በአውሮፕላን ደብድቧል፤ የታላቁን ነቢይ የንጉንዴንግን ልጅ ጉዌክን በ1929 ገድሏል። ስለዚህ ኑዌሮቹ ጠያቂውን በጥያቄ እየመለሱ፣ ስማቸውን እንኳ ለመናገር እየተግደረደሩ እንዳስቸገሩት ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ጽፎታል። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ የምፈርደው ለኑዌሮቹ ነው። የአንድን ሰው ዘር ማንዘር ማወቅ ሥልጣን ነው፤ ትናንት ቦምብ የጣለ መንግሥት የላከው ሰው ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› ሲል ዝም ማለት ብልህነት ነው። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የሚመሰገነው ከድንኳኑ ወጥቶ በከብት በረቱ ውስጥ አብሮ መዋልን ስለ ተማረ ነው። ጊዜ ወስዶ ስለ ጋምቤላ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያዊው የደረጀ ፈይሳ ሥራም አለ፤ ኑዌርና አኝዋ ራሳቸውን በምን በምን መንገድ እንደሚለዩ የሚመረምረው መጽሐፉ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ዕዳ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ወደ በሬው ልምጣ። ከማንዶንግ ደጅ ፈንጠር ብሎ ልጆች ጭቃ ያቦካሉ። ከጭቃው የሚወጣው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በሬ፣ ላም፣ ወይፈን። ብዙዎቹ ጣቢያው ውስጥ የተወለዱ ናቸው፤ የአባታቸውን በረት አይተውት አያውቁም። አንዱን በሬ አንሥቼ አየሁት። ሻኛው ከፍ ብሏል፤ ሰውነቱ ረዘም ያለ ነው፤ አንደኛው ቀንዱ ወደ ላይ ቆሞ ሌላኛው በግንባሩ ላይ ታጥፎ ወደ ፊት ይወርዳል። የተበላሸ መስሎኝ ላቀናው ስል ልጁ እጄን ያዘ። ኑዌር የሚወደውን በሬ ቀንድ ገና ወይፈን ሳለ ሰያፍ ቆርጦ ወደ ፈለገው አቅጣጫ እንዲያድግ ያደርገዋል፤ የልጁ የጭቃ በሬ እንዲህ የተዋበ በሬ ነው። ይህን ልጅ በረት ሳያይ ማን አስተማረው ብዬ ስጠይቅ አስተርጓሚዬ ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ አሳየኝ።

ሽማግሌውን ጓንዶንግ ይሏቸዋል። በግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርሱ ስድስት መስመሮች አሉ። ጋር ይባላል፤ ወንድ ልጅ ከልጅነት ወደ ጎልማሳነት የሚሻገርበት ምልክት ነው። ጋር የተቀበለ ወንድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላም አያልብም፤ ማለብ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። በዚያው ሰሞን አባቱ በሬ ይሰጠዋል፤ በዚያ በሬ መልክና ቀንድ የወጣውን ስም እኩዮቹ ይጠሩታል፣ በጭፈራ ላይ ይፎክርበታል፣ ዘፈን ያወጣለታል። የጓንዶንግ በሬ ነብርማ ነበር፤ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። በሬው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የእሳቸው እኩዮች ግን፣ በሕይወት የቀሩት፣ ዛሬም በዚያው ስም ይጠሯቸዋል።

ይህን ስሰማ ሩቅ አገር ያለሁ አልመሰለኝም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው አይደለም እንዴ? የኛ ጀግና በፈረሱ ሲፎክር የኖረውን ያህል የኑዌር ጎበዝ በበሬው ሲፎክር ኖሯል። የደጋው ገበሬም ቢሆን ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ፣ ጉራቻ እያለ በሬውን በመልኩ ይጠራል፤ ‹‹ና ዳለቻ›› ሲል ከልጁ ጋር የሚያወራ ይመስላል። ጓንዶንግን ስለዚህ አጫወትኳቸው፤ ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ‹‹ፈረሱ ምን መልክ ነበረው?›› ብለው ጠየቁኝ። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው እሱ ነበር ለእሳቸው። ስለ አባ ዳኘው ስንት ስማር ይህን የጠየቀ አስተማሪ አልነበረኝም።

አብዛኛው ወጣት ዛሬ ግንባሩ ንጹሕ ነው። ጋር እየቀረ ሄዷል፤ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ጦርነቱም ድርሻ አላቸው። እሑድ ጠዋት ከትየርኪዲ አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማው ከበሮና የዘማሪዎቹ ድምፅ ጣቢያውን ሁሉ ያነቃዋል፤ መዝሙሩ በቶክ ናዝ፣ በኑዌር ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ ከብትን ከመካከል አላወጣውም። ይህን ያየሁት በአንድ የጋብቻ ሽምግልና ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ስንጥር እየሰበሩ መሬት ላይ ይደረድራሉ። አንዱ ስንጥር አንድ ከብት ነው። መካከላቸው ስልክ ተቀምጧል፤ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የሙሽራው አጎት ነው፤ የሚኖረው አሜሪካ፣ ኦማሃ ከተማ። ከኑዌር ስደተኞች እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት እዚያ፣ ነብራስካ ውስጥ ነው። አጎትየው ይህን ያህሉን በብር እልካለሁ ይላል፤ የሙሽራዋ ወገን ደግሞ ቢያንስ እነዚህ እነዚህ ቀንድ ያላቸው ይሁኑ፣ ላሬ ያሉት ዘመዶች በረት ይግቡ ይላል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በመዘገበበት ዘመን የሙሉ ጥሎሽ ልክ 40 ከብት ያህል ነበር። ዛሬ ቁጥሩ እንደየቤቱ አቅም ይወርዳል፤ አከፋፈሉ ግን ይጠበቃል። እያንዳንዱ ከብት ባለቤት አለው፤ ይህ ለአባቷ ወንድም፣ ይህ ለእናቷ ወንድም፣ ይህቺ ለአክስቷ፤ ለሞቱት አያቶች መንፈስ የምትመደብም ላም አለች። ስንጥሩ ተደርድሮ ሲያልቅ የልጅቷ ዘመዶች ሁሉ፣ ሕያዋኑም ሙታኑም፣ መሬቱ ላይ ተጽፈው ይታያሉ። ስለ ዝምድና ከአንድ ወር ጥያቄ የማላገኘውን በዚያ ከሰዓት ተማርኩ።

የባህል ዕውቀት ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። በኑዌር ዘንድ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ከሞተ ስሙ እንዲጠፋ አይፈቀድም። ወንድሙ ወይም ሌላ ዘመድ በሟቹ ስም ከብት ሰጥቶ ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ልጆች ናቸው፣ በእሱ ስም ይጠራሉ፣ የእሱን ከብት ይወርሳሉ። ባሏ የሞተባት ሴትም በባሏ ወንድም ብትወልድ ልጁ የሟቹ ነው። እንግዲህ ይህን ከመዝገብ ጠረጴዛ ፊት አስቡት። እናት የልጇን አባት ስም ትናገራለች፤ ‹‹አባትየው የት ነው?›› ትባላለች፤ ‹‹ሞቷል››፤ ‹‹መቼ?››፤ ዓመቱን ትናገራለች። ልጁ ከዚያ በኋላ የተወለደ ነው። መዝጋቢው ወግ የማያውቅ ከሆነ ፊቱ ይለወጣል፤ ሴትየዋን ውሸታም ወይም ሌላ ነገር ያደርጋታል። እሷ ግን የተናገረችው ፍጹም እውነቱን ነው፤ ስም ያስቀረችለትንም ሰው በኩራት ነው የጠራችው። ጦርነት ስንቱን ሳይወልድ ገድሏል፤ ስለዚህ በትየርኪዲ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አንድና ሁለት ብቻ ሊሆን አይችልም። ቅጽ ሞልቶ የሚያድር ሰው ይህን አለማወቁ በእናቲቱ ላይ የሚደርስ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኑዌር ስጽፍ አኝዋን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ኢታንግ የአኝዋም፣ የኑዌርም፣ የኦፖም አገር ናት። ባሮን ኦፔኖ ብሎ የሚጠራው፣ በዳርቻው በቆሎና ማሽላ እያረሰ ዓሣ እያጠመደ የኖረው አኝዋ ስለ መሬቱ ያለው ስሜት ከከብት አርቢው ስሜት የተለየ ነው፤ በጣቢያዎቹ ስፋት ላይ ያለውም ሥጋት ከዚያ ይነሣል። በሁለቱ መካከል የፈሰሰውን ደም አውቃለሁ። በደገኛውና በኑዌሩ መካከልም የፈሰሰ አለ። አኝዋን የሚመለከተው ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እጽፈዋለሁም። እዚህ ላይ የምለው፣ የአንዱን ወግ መማር ለአንዱ ማድላት አይደለም። ጓንዶንግ ራሳቸው ከአኝዋ ጎረቤታቸው ጋር በሁለቱም ቋንቋ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ በመካከላችን በአማርኛ ብቻ የሚናገረው ደገኛው ነው።

ለዚህ ነው ደብተሬን ያዞርኩት። ከእንግዲህ ስለ ጋምቤላ ሙቀት አልጽፍም፤ ሙቀቱን ቴርሞሜትር ይነግራችኋል። የሚጻፈው ሌላ ብዙ ነው። የከብት መልክ ስሞች ሁሉ አልተሰበሰቡም፤ የጓንዶንግ እኩዮች ሲያልፉ የበሬ ዘፈኖቻቸው አብረው ያልፋሉ። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ድምፅ መቅጃ አስይዞ ወደ እነዚህ ዛፎች ሥር ቢልክ፣ በቶክ ናዝና በአማርኛ ጎን ለጎን ቢያሳትመው፣ የትኛውም የውጭ አጥኚ ሊሠራው የማይችል ሥራ ይሆናል።

ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬ፣ ወደ ጂካዎ ለሥራ የምትመጡ መምህራን፣ ነርሶች፣ የጣቢያ ሠራተኞች ግን ዩኒቨርሲቲን መጠበቅ የለባችሁም። ደጅ ላይ ስትደርሱ ‹‹ማሌ›› በሉ፤ ‹‹ማሌ ሚ ጓ›› ይመለስላችኋል። ስለ ዘር ማንዘር በመጀመሪያ ቀን አትጠይቁ፤ ስለ ከብት ጠይቁ። የኑዌር ቋንቋ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ የ1ኛ ክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ከአንድ ተማሪ ተዋሱና ማታ ማታ ከልጁ ጋር አንብቡት። እኔም የጀመርኩት ከእሱ ነው።